ጡረታ ወጥቶ ወሎ መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕድሜያቸውን በውጭ አገር ሠርተው የጡረታ ዘመናቸውን ወሎ ላይ ለማሳለፍ ያሰቡ ሰዎች፣ ልጆቻቸውም ጭምር፣ ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ለጡረታ ኑሮ ከወሎ ከተሞች የትኛው ይሻላል?

መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ናፍቆት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤታሞች ቢሆኑም የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ልዩነታቸው ትልቅ ነው። የደሴ ሰፈሮች አብዛኞቹ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ረፋዱን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጭቃውን ፈርቶ ከቤት ሳይወጣ ይውላል። ያም ሆኖ ትልልቆቹ ሆስፒታሎች፣ ፍርድ ቤቱ፣ ባንኮቹና አብዛኛው የሚያውቁት ሰው ያለው ደሴ ነው።

ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች፣ ሜዳማ፣ ለእግረኛ የምትመች ከተማ ናት፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያ ነው። ወባ ግን አለ። በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በከሚሴና በቆቦ በኩል ዝናቡ ሲያባራ ወባ ይነሣል። ሠላሳ ዓመት ስዊድን ወይም ካናዳ የኖረ ሰው በልጅነቱ የነበረው መቋቋሚያ አብሮት የለም፤ ስለዚህ አጎበር የቤቱ የመጀመሪያ ዕቃ ይሁን። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጸጥታና ዓሣ ለሚወድ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን መሳለም ለሚሻ ሰው የሚስማማ ትንሽ ከተማ ነው፤ ከበድ ያለ ሕመም ሲመጣ ግን መሄጃው ደሴ ነው። ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የሰሜን ወሎ ሰው ዘመዱ እዚያ ካለ ሌላ ከተማ ባይፈልግም ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ቤት ከመግዛትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምት ተከራይተው ይክረሙ። ለሠርግ፣ ለጥምቀት ወይም ለዓረፋ በዓል መጥተው ያዩት ከተማና በሐምሌ መብራት በጠፋበት ምሽት የሚኖሩበት ከተማ አንድ አይደሉም።

የውጭ አገር ፓስፖርት ይዤ ያለ ቪዛ መኖር እችላለሁ?

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ይችላሉ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው ይህንኑ ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ ቤት በስሙ ማድረግ ይችላል፣ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። የማይፈቀድለት መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር ነው።

ካርዱን ከመምጣትዎ በፊት በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቢያወጡ ይቀልልዎታል። የድሮ ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ ማስረጃ፣ ከእነዚህ ያገኙትን ሁሉ ሰብስበው ይሂዱ። የስም አጻጻፍ ልዩነት ብዙ ሰው ያጉላላል፦ አንዱ ሰነድ ላይ «መሐመድ» በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደላት፣ ሌላው ላይ በሌላ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ገና እዚያው ሳሉ ያሠሩ። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ፋይዳ ለሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ይመዝገቡ፤ ባንኮች ቁጥሩን ይጠይቃሉ።

ኢትዮጵያዊ ዜግነቴን መልሼ ብወስድስ?

ሕጉ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ መሠረት ዜግነቱን መልሶ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሪያውን መሥርቶ፣ የውጭ ዜግነቱን ትቶ ማመልከት አለበት። ስሜቱ ይገባኛል፤ ብዙ አባቶች «ስሞት ኢትዮጵያዊ ሆኜ ልሙት» ይላሉ። ነገር ግን የአሜሪካ ዜግነትን መተው ከዚህ በታች እንደምናየው ጡረታውን ሊነካ ይችላል፤ ታምሞ ወደ ልጆች የመመለሻ በርንም ያጠብባል። ለአብዛኛው ሰው ቢጫ ካርዱ ይበቃል።

ጡረታዬ ወሎ ድረስ ይከፈለኛል?

መልሱ ጡረታው ከየት አገር እንደሚመጣና ምን ዓይነት እንደሆነ ይለያያል። «ጡረታ» እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ክፍያዎች ሕጋቸው የተለያየ ነው።

የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ሠርተው ያጠራቀሙት ከሆነና የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ኢትዮጵያ ውስጥም መከፈሉ ይቀጥላል። ዜጋ ካልሆኑ ግን ከአሜሪካ ውጭ ስድስት ሙሉ የካሌንደር ወራት ሲቆዩ ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል። ለአንዳንድ አገር ዜጎችና ለረጅም ዘመን ለሠሩ ሰዎች የተለዩ ሁኔታዎች ስላሉ የእርስዎን ጉዳይ ከመነሣትዎ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ገብተው በጽሑፍ ያስመልሱ። እንግሊዝ የመንግሥት ጡረታውን የትም አገር ይልካል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ዓመታዊ ጭማሪውን አይሰጥም። የወጡበት ዓመት መጠን እንደ ደረቀ ይቀራል። በ66 ዓመትዎ የሚበቃው ገንዘብ በ80 ዓመትዎም ይበቃ እንደሆነ አሁኑኑ አስሉት። በስዊድን ደግሞ ሠርተው ባዋጡት ልክ የሚከፈለው ጡረታ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለነበረ ሰዎች መንግሥት የሚሞላው የዋስትና ጡረታ ግን ከአውሮፓ ወጥቶ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው አይከፈልም።

ከአገሮቹ ብዙዎቹ በየጊዜው በሕይወት መኖርዎን ያጣራሉ። አሜሪካ 7162 የሚል ቁጥር ያለው ቅጽ በፖስታ ትልካለች፤ ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። አገራችን ውስጥ ፖስታ ደጃፍ ድረስ አይመጣም፤ የሚገባው ፖስታ ቤት ባለ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰውየው የእኅቱን ልጅ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን አድራሻ ሰጥቶ ይመጣል፤ ልጁ ሥራ ይቀይራል፤ ፖስታው እዚያው ሣጥን ውስጥ ከጨረታ ማስታወቂያና ከድሮ መጽሔት ጋር ሲጠብቅ ይከርማል። ከዚያ አንድ ወር ገንዘቡ ሳይገባ ይቀራል፣ መላው ቤተሰብ ይደናገጣል። በራስዎ ስም የፖስታ ሣጥን ይከራዩ፣ ቁልፉን እርስዎ ይያዙ፣ በወር አንዴ ሄደው ይክፈቱ።

እናቴ አሜሪካ የሄደችው ከስልሳ ዓመቷ በኋላ ነው። የምትቀበለው ገንዘብ ደሴ ብትገባም ይቀጥላል?

የምትቀበለው ኤስ ኤስ አይ ከሆነ አይቀጥልም። ይህ ክፍያ ከሠሩበት የሚመጣ ጡረታ ሳይሆን ገቢ ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ክፍያው ይቋረጥበታል። እንደገና ለመጀመር ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን እዚያው አሜሪካ መቆየት ያስፈልጋል። ጉዞውን ሳያሳውቁ ተቀብሎ መቆየት ደግሞ ዕዳ ያስከትላል፤ በኋላ መልሱ ይባላል። ልጆች ይህን ለእናታቸው ሳይነግሩ ትኬት መቁረጥ የለባቸውም። እናት ወሎ የምትኖር ከሆነ ልጆች በየወሩ ሊልኩላት ተማምለው ይለያዩ።

ዜጋ አይደለሁም፤ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ከርሜ ብመለስ ችግር አለው?

አለው። ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የሚቆይ ሰው አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ ፈቃዱ በአብዛኛው እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ማመልከቻው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሆነው የሚያስገቡት ነው። በየዓመቱ ለሁለት ሳምንት ብቅ እያሉ አብዛኛውን ጊዜ ወሎ መኖርም ካርዱን አያድንም፤ መኖሪያዎ የት ነው ተብሎ ይጠየቃል። ዜግነት ሊያገኙ ጥቂት ዓመት የቀራችሁ ከሆነ ዜግነቱን ጨርሳችሁ ብትመጡ ይሻላል። ከስድስት ወር በላይ መቆየት የዜግነት ቆጠራውንም ሊያቋርጠው ይችላል።

ዐረብ አገር ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጡረታ አለኝ?

ከወሎ የሚመጣው ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ልብ ይነካል። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከቃሉና ከሐብሩ ወጥተው ጅዳና ሪያድ፣ ቤይሩትም የሠሩ እኅቶች ብዙ ናቸው። ከሰው ቤት ሥራ ወርኀዊ ጡረታ ይዞ የሚመለስ የለም። ሳውዲ ውስጥ የማኅበራዊ ዋስትናው ሥርዓት ለውጭ አገር ሠራተኛ የሚሸፍነው የሥራ ላይ አደጋን እንጂ የእርጅና ጡረታን አይደለም። የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ ካለዎት ከአሠሪዎ ጋር ሒሳቡን ተሳስበው፣ ተቀብለው ይውጡ፤ አገር ከገቡ በኋላ ማስከፈል እጅግ ከባድ ነው።

ስለዚህ ጡረታዎ በላኩት ገንዘብ የተሠራው ነገር ነው። እዚያው ሳሉ በራስዎ ስም የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፣ ከሚልኩት ላይ የራስዎን ድርሻ ለይተው እዚያ ያስቀምጡ። ቤት ሲሠራ ካርታው በእርስዎ ስም ይሁን። የአሥር ዓመት ላብ በወንድም ስም ተመዝግቦ፣ ባለቤቷ እንግዳ ሆና የምትገባበት ቤት ሊኖር አይገባም። ይህን ማለት ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ወንድምም ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል፣ ወራሾቹ ደግሞ ቃልዎን አልሰሙም።

ገንዘቤን በባንክ ላምጣ ወይስ በሰው ይምጣልኝ?

በባንክ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በባንኩና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም። በሰው የመጣ ገንዘብ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ማስረጃ የለውም፤ ነገ ቤት ሲገዙ ገንዘቡ ከየት መጣ ቢባሉ የሚያሳዩት ወረቀት አይኖርዎትም። ባንኮች ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በዶላር፣ በዩሮና በፓውንድ የዲያስፖራ ሒሳብ ይከፍታሉ። የሚያስፈልግዎትን በየወሩ እየመነዘሩ ቀሪውን በውጭ ምንዛሪ ማቆየት ከዋጋ ንረት በመጠኑ ያድናል።

የውጭ አገር የባንክ ሒሳብዎን አይዝጉ፤ የስልክ ቁጥርዎንም አያጥፉ። ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደዚያ ስልክ ነው፤ ስልኩ ከተዘጋ በገዛ ገንዘብዎ ላይ በሩ ይቆለፍብዎታል።

ግብር እዚያም እከፍላለሁ?

የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ የሚከፍለው ባይኖር እንኳ። በተጨማሪም ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦችዎ ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ማሳወቅ ይኖርብዎታል። ቤት ለመግዛት በአንድ ጊዜ የሚያስገቡት ገንዘብ ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል፤ ብዙዎች የሚረሱት እዚህ ላይ ነው።

ብታመምስ?

ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ከአገሩ ውጭ አይከፍልም፤ ወሎ ውስጥ የሚታከሙት ከኪስዎ ነው። «እንግዲያው ለምን በየወሩ እከፍላለሁ?» ብለው የሐኪም ወጪ የሚሸፍነውን፣ ክፍል ቢ የሚባለውን የሚያቋርጡ አሉ። ተመልሰው ሲገቡ ሳይመዘገቡ ለቆዩበት ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት በወርኀዊ ክፍያው ላይ ይጨመርባቸዋል። ከባድ ሕመም ሲመጣ ወደ ልጆችዎ የመመለስ ሐሳብ ካለዎት አያቋርጡት፤ ጨርሰው ከመጡ ግን ያንን ገንዘብ እዚህ ለሕክምና መያዝ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። ይህ በቤተሰብ ተመክሮበት የሚወሰን ነው።

ደሴ ውስጥ ትልቁ የመንግሥት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የግል ሆስፒታሎች አሉ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴው ሆስፒታል ተዘርፎና ወድሞ ነበር፤ ሐኪሞቹና ሕዝቡ መልሰው እንዲቆም ያደረጉት ጥረት ሊመሰገን ይገባዋል። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለአጥንት፣ ለመደበኛ ቀዶ ሕክምና ደሴ ይበቃል። ለከፍተኛ የልብና የካንሰር ሕክምና በአብዛኛው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ርቀት እንደ ቀላል ሊያየው አይገባም።

መድኃኒትዎን ሲጽፉ ከንግድ ስሙ ይልቅ የመድኃኒቱን ዋና ስም ይጻፉ፤ በሣጥኑ ላይ የለመዱት ስም እዚህ ፋርማሲ ላይታወቅ ይችላል። ሲመጡ የጥቂት ወራት ይዘው ከነማዘዣው ይምጡ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያኖሩት አስቀድመው ይወስኑ፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ የሸክላ እንስራ ጥላ ውስጥ ቢቀመጥ ቅዝቃዜውን ይዞ ያቆያል።

ቤት ስገዛ ምን ልጠንቀቅ?

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ ይላል። የሚገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ካርታውን ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ጋር ያመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ የሻጭ ባለቤት ፈቃድ መኖሩን ይዩ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1723 ይደነግጋል። በሦስት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ለመተማመን ደግ ነው፤ ክርክር ሲነሣ ግን ያንን ውል አይተካም።

ደሴ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የከተማዋ ተዳፋት ቦታዎች በመሬት መንሸራተት ይታወቃሉ። ቤቱን በበጋ አይተው አይፈርሙ። በክረምት ይሂዱ፣ ከበላይ የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ይመልከቱ፣ ግድግዳው ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደሆነ ያጣሩ። ከሁሉም በላይ የታችኛውን ጎረቤት ይጠይቁ፤ እሱ አይዋሽም፤ ቁልቁል የሚመጣው እሱ ላይ ነው።

አባቴ የተወልኝ የገጠር መሬት ላይ ቤት ሠርቼ ብኖርስ?

የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የመጠቀም መብቱ ደግሞ ከሚያርሰው ገበሬ ጋር የተቆራኘ ነው። የውጭ ዜግነት ያለው ሰው «የአባቴ ርስት» ብሎ ቢመጣ፣ ይዞታው ምናልባት በወንድሙ ወይም በአጎቱ ልጅ ስም ተለክቶ ደብተር ወጥቶበታል። ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው በማን ስም እንዳለ ይጠይቁ፤ ሌላ ሰው እያረሰው ከሆነ ግን እባክዎን ይተዉለት። እርስዎ በውጭ በኖሩባቸው ዓመታት ያንን ማሳ ያረሰ፣ ግብር የከፈለ፣ ወላጅ የቀበረ እሱ ነው። ለመንደሩ ፍቅር ካለዎት ከተማ ተቀምጠው እየሄዱ ይጠይቁ።

ጸጥታው እንዴት ነው?

ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ወሎ የ2014ቱን ጦርነት አሳልፋለች፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት አለ። መንገድ ይዘጋል፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያውቃል፣ ከከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች እገታና ዘረፋ ይሰማል። ከተሞቹ ውስጥ ሰዉ ገበያ ይወጣል፣ ይሠራል፣ ያስተምራል፤ ከከተማ ከተማ መሄድ ግን በየዕለቱ ተጠይቆ የሚወሰን ነገር ሆኗል።

ሁኔታው ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እዚያው የሚኖር፣ የማያጋንንም የማያሳንስም ሰው ያነጋግሩ። ከመጡም በኋላ የሁለት ወር ወጪ በብር በእጅ፣ የሦስት ወር መድኃኒት በቤት ይኑርዎት። ባንክና ስልክ አብረው ሲዘጉ ያለዎት ያ ብቻ ነው። የዜግነት አገርዎ ኤምባሲም መኖርዎን ይወቅ፤ ተመዝገቡ። ልጆችዎ «አሁን አይሆንም» ካሉ ደግሞ ይስሟቸው። አንድ ዓመት መቆየት ሕልምን መተው አይደለም።

ቅሬ መግባት አለብኝ? እኔ እኮ ጥቂት ወር ብቻ ነው የምቆየው።

ይግቡ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን አያስቀሩ። አዲስ አበባ «ዕድር» የሚሉትን ወሎ «ቅሬ» ይለዋል። መግቢያውን ከፍለው፣ ወርኀዊውን እየከፈሉ፣ ሰው ሲሞት እየሄዱ ነው አባል የሚሆኑት። በብዙ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ቅሬ ነው፤ ቄሱም ሼሁም በአንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ለሁለቱም የሚሆን ማዕድ ለየብቻ ይሰናዳል።

ከውጭ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በገንዘብ ለመሸፈን ሲሞክር ነው። «የአምስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ልክፈል» ይላል፤ ይቀበሉታል፣ ያመሰግኑታልም። ነገር ግን ንጋት ላይ ጥሩንባ ተነፍቶ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ሲወጡ፣ ድንኳን ሲተከል፣ አግዳሚ ወንበር ከቅሬው ቤት እየተሸከሙ ሲያመጡ፣ ሴቶቹ ድስቱን ሲጥዱ እርስዎ ከሌሉ፣ ስምዎ መዝገቡ ላይ እንጂ ሰፈሩ ውስጥ የለም። ወንበር መሸከም ባይችሉ ሄደው ይቀመጡ። ዕድሜ ላለው ሰው መቀመጡ ራሱ ይቆጠራል። ከቀብር ሲመለሱ አንዷ እናት «አብሽር፣ ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነህ» ብላ ቡና ታቀብልዎታለች፤ ከዚያ በኋላ የቤትዎ በር ለሁለት ቀን ሳይከፈት ቢቀር የሚያንኳኳ ሰው አለዎት። ብቻውን ለሚኖር አረጋዊ ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና ያለው አይመስለኝም።

ዘመድ ሁሉ ገንዘብ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?

ከመምጣትዎ በፊት ልኩን ይወስኑ። ለአቅመ ደካማ ዘመድ የሚሰጡትን ቁርጥ ያለ ወርኀዊ ድርጎ ያድርጉትና በየወሩ በዚያው ቀን ይስጡ፤ ሰው የተቆረጠ ነገር ያከብራል። ለሕመምና ለትምህርት ጥቂት ይያዙ። ለንግድ የሚጠየቁትን ግን ባይመለስ የማይጎዳዎትን ያህል ብቻ ይስጡ፣ ሲሰጡም ስጦታ ነው ብለው ይስጡ። ብድር ሆኖ የተሰጠና ያልተመለሰ ገንዘብ ወንድማማችን ሳያነጋግር ያኖራል።

ቅር የተሰኘ ዘመድ ካለ አይሸሹት። በወሎ ለዚህ ሽማግሌ አለ፤ ከበድ ካለም አበጋር የሚባሉት ባህላዊ አስታራቂዎች አሉ። ሁለቱም ወገን ተሰምቶ፣ ጥፋት ያለበት ክሶ፣ ተመራርቆ ይለያያል።

እዚህ ባገባ፣ ኋላም ብሞት፣ ጡረታዬ ለባለቤቴ ይቀራል?

ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን የመጡ አባቶች በጸጥታ የሚጠይቁት ነው። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲን በሚመለከት፣ ጋብቻው በአብዛኛው ቢያንስ ዘጠኝ ወር የቆየ መሆን አለበት። ከዚያ የሚከብደው ሌላው ነው፦ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነች፣ ከአሜሪካም ውጭ የምትኖር ሚስት የተራፊ ክፍያ ለማግኘት በአብዛኛው በትዳሩ ሆና አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ አምስት ዓመት የኖረች መሆን ይጠበቅባታል። ከደሴ ወጥታ የማታውቅ ሚስት ይህን አታሟላም። ስለዚህ «እኔ ብሞት የአሜሪካ ገንዘብ አለሽ» ብለው ቃል አይግቡ። ከልብዎ ካሰቡላት በሕይወት ሳሉ ቤቱን በስሟም ያድርጉ፣ ባንክ ያስቀምጡላት፣ ኑዛዜዎን በሕግ ፊት ይጻፉ፤ ከመጀመሪያው ትዳር ያሉ ልጆችዎም አስቀድመው ይወቁት።

ሰው ሲሞት የአሜሪካ ጡረታ ለሞተበት ወር አይከፈልም፤ ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ውስጥ የገባ ገንዘብ ይመለሳል። ቤተሰብ ባለማወቅ አውጥቶ ለተዝካር ወይም ለሰደቃ ካዋለው ዕዳ ሆኖ ይከተላል። ፓስፖርትዎን፣ ቢጫ ካርድዎን፣ የጡረታ ቁጥርዎን፣ የባንክ ወረቀትዎንና የኤምባሲውን ስልክ በአንድ ፖስታ አድርገው የት እንዳለ ሁለት ሰው ይወቅ፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከወዲያ። የሞቱን የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ አውጥቶ ለኤምባሲውና ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ የሚያሳውቀው ማን እንደሆነም በዚያው ፖስታ ላይ በስሙ ይጻፉ።